ጥጉ ላይ የተጻፈው ቃል

«ጥጉ ላይ የተጻፈውን አላዩትም?»

መምህሩ ይህን ሲጠይቀኝ እርጥብ ጨርቅ በእጄ ይዤ፣ ባዶ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነበር። ማየቱንስ አይቼው ነበር፤ በቀይ ቀለም የተጻፈ፣ ዙሪያውን በመስመር የታጠረ ቃል። ግን ከሌላው ጽሑፍ በምን እንደሚለይ ስላላወቅሁ ሁሉንም አንድ ላይ ጠራርጌ አጠፋሁት። «ማንበብ አልችልም» ብዬ እንዳልመልስለት አፈርኩ። በትምህርት ክፍሉ የጽዳት ሥራ ከጀመርኩ ገና ሳምንቴ ነው። ልጄ ደግሞ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ትማራለች፤ የእሱ ተማሪ ናት።

ያጠፋሁት የሦስት ቀን ሥራውን ነበር። አንድ ሕንፃ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በየትኛው ቀን ምን እንደሚሠራበት፣ እያንዳንዱን ሥራ በአንድ መስመር አድርጎ ለተማሪዎቹ የሣለው ሰንጠረዥ።

ሰሌዳውን አየ። ጨርቁን አየ። ከዚያ እኔን አየኝና ሳልነግረው ገባው። ሰው ይህ ነገሬ ሲገባው የማውቀው በዓይኑ ነው፤ ወይ ያሾፋል ወይ ይሸሻል። የእሱ ዓይን ግን እዚያው ቆየ። ቀዩን ማርከር አነሳና ያንኑ ቃል መልሶ ጻፈው።

«ይሄ ‹አይጥፋ› ነው የሚለው» አለኝ፣ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብሎ። «ይሄን ሲያዩ ጨርቁን ያሳርፉታል። የቀረውን እንዳሻዎት።»

በአርባ አራት ዓመቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ለማንም አልተናገረብኝም። ቁጭ ብሎ ሰንጠረዡን እንደ አዲስ መሣል ጀመረ። እኔም ከእፍረቴ ብዛት ከክፍሉ መውጣት አቅቶኝ፣ የጸዳውን ወለል ደግሜ እወለውላለሁ። ሲሥል ለራሱ ያወራል።

«የፎቁ ወለል፣ ሶሌታው፣ ሐሙስ በአርማታ ይሞላል። ሰኞ ግንቡ ይቀጥላል...»

«እሁድስ ማን ያጠጣዋል?» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ዞር አለ። «ምን አሉ?»

«አርማታውን ነዋ፣ መምህር። ሐሙስ ከተሞላ እሁድ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ውሃ ይፈልጋል። እሁድ ደግሞ ሠራተኛ የለም። ዘበኛው ቧንቧ አይነካም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በግንባታ ላይ ውሃና አሸዋ ተሸክሜያለሁ። እሁድ የምንመጣው ፎርማኑ ካስታወሰ ነው። ከረሳ አርማታው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ሰኞ ደግሞ እኛው እንሰደባለን።»

ተማሪዎቹ «ጋሽ ሰባት ቀን» ነው የሚሉት። ትምህርቱን ሁልጊዜ የሚጨርሰው «አርማታ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣል!» ብሎ ስለሆነ ነው። ያ ሰው በዚያች ቅጽበት አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ቀጥሎ ደግሞ መነጽሩን እስኪያወልቅ ድረስ ሳቀ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሰባት ቀን ሰባት ቀን ስል፣ እሁድን የጠየቀኝ ሰው የለም!»

ሰንጠረዡ ላይ አንዲት መስመር ጨመረ።

«ምን ብለው ጻፉ?»

«‹እሁድ ውሃ የሚያጠጣ ሰው›።»

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም። በዚያ ሁሉ መስመር መካከል የእኔም መስመር ነበረች።

*

ቢሮው ውስጥ ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ በላይዋ ላይ አንድ የቆየ የሕንፃ ፕላን ተሰቅሎባታል። በምሳ ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወውና ፕላኑን ገልጦ ፊደል ያስቆጥረኝ ጀመር። የዕለቱን ቃል ይጽፍና ነገ እንድደግመው ጥጉ ላይ «አይጥፋ» ይልበታል። ውሃ። አሸዋ። በር። እጅ። ዛሬ ስጽፍ «እሱ» እላለሁ፤ ያኔ ግን ከአፌ «እርስዎ» እንጂ ሌላ አይወጣም ነበር። እሱም እኔን እንደዚያው።

ተማሪዎች ለምዝገባ ፊርማ ሲመጡ ደብተሬን በጉያዬ አድርጌ መጥረጊያዬን እይዛለሁ። ሲያማክራቸው እሰማዋለሁ። አንዷ ሰባት ኮርስ በአንድ ጊዜ ልውሰድ አለችው።

«ምሰሶው ሳይቆም ሶሌታውን የት ልታሳርፊው ነው?» አላት። «የወደቅሽበትን ሒሳብ ድገሚና ሌላውን በሚቀጥለው ትወስጃለሽ።»

«ጋሼ፣ ጓደኞቼ ቀድመውኝ ይመረቃሉ እኮ!»

«ይመረቁ። ቀድሞ የተመረቀ ሁሉ ቀድሞ አይሠራም።»

ልጅቷ አኩርፋ ወጣች፤ በነጋታው ግን ብስኩት ይዛለት መጣች። እኔ ከጥግ ሆኜ ይህን ሁሉ አያለሁ። ቀና ሲል ዓይናችን ይገጣጠማል። እሱ ወረቀቱን ያገላብጣል፤ እኔ የተጠረገውን እጠርጋለሁ። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት እንደሆነው የነገረኝ አንድ ቀን «ቤት» የሚለውን ቃል ሲያስጽፈኝ ነው። እኔም የልጄ አባት ጥሎን እንደሄደ ነገርኩትና ወደ ቃሉ ተመለስን።

የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ግን ዓይኗ አይስትም።

«እትዬ፣ የጋሽ ሰባት ቀን ቢሮ በቀን ሁለቴ የሚጸዳው ምን ቢያቦካበት ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ሥሪ!»

«እኔማ እየሠራሁ ነው። ፊትዎ ሲቀላ እየመዘገብኩ ነው።»

ለልጄ አልነገርኳትም። በምረቃዋ ቀን ስሟን ከወረቀቱ ላይ አንብቤ ላስደንቃት ነበር ሐሳቤ። እሷ ደግሞ የመጨረሻ ዓመቷ ደርሶ የመመረቂያ ጽሑፏን ጀምራለች። አማካሪ ሆኖ የተመደበላት እሱ ነው። አንድ ምሽት ራት እየበላን፣ ዓይኗ እያበራ እንዲህ አለችኝ፦

«እማ፣ ርዕስ አገኘሁ! ጋሽ ሰባት ቀን ሰንጠረዡ ላይ ‹እሁድ ውሃ የሚያጠጣ ሰው› የምትል መስመር አላት። በየትኛውም መጽሐፍ ላይ የለችም። ግንባታዎችን ዞሬ ስንቱ ያንን ሰው እንደሚያስብ ላጠና ነው። ሰውዬው እኮ ጎበዝ ነው!»

«ጎበዝ ነው፣ ልጄ» አልኩና ውሃ ጠጣሁ። ደስታው ግን አልወርድ አለኝ፤ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

*

ጽሑፏን ልታቀርብ ሦስት ወር ሲቀራት፣ አንድ ሰኞ፣ ልጄ ቤት ገብታ የግንባታ ቦቲዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተደፋች።

«ተወኝ፣ እማ።»

«ማን ነው የተወሽ? ወንድ ነው?»

«ወንድ በሆነና በተሻለኝ! ጋሽ ሰባት ቀን ነው። አማካሪነቱን ተወ። ‹በግል ምክንያት› ይላል ማስታወቂያው። ዘጠኝ ተማሪ አለው፤ የተወው እኔን ብቻ ነው። ሥራሽ አይረባም ማለት ከብዶት ነው።»

«ሌላ አማካሪ አይሰጡሽም?»

«ሰጡኝ። ‹ውሃ ማጠጣት የቀን ሠራተኛ ጉዳይ ነው፣ ጥናት አይሆንም፤ ርዕስ ቀይሪ› አለኝ። ሃያ ሦስት ግንባታ ዞሬያለሁ፣ እማ! ከዜሮ ልጀምር? ይቅርብኝ፤ አቋርጣለሁ።»

ሌላ ጊዜ ብትሆን እቆጣት ነበር። ቦቲዋን ፈታሁላት። ካልሲዋ ተቀዶ አውራ ጣቷ ወጥቷል፤ ሕፃን ሳለች እንደነበረው።

በማግሥቱ ልጮህበት ነበር የሄድኩት። ቢሮው ውስጥ የለም፤ ክፍል ገብቷል። ከንዴቴ የተነሳ የማደርገው ጠፍቶኝ፣ እንደ ልማዴ ፕላኑን ገለጥኩት።

ጥጉ ላይ «አይጥፋ» ይላል። መሐል ላይ እኔ የማውቃቸው ፊደሎች ብቻ ያሉበት ጽሑፍ አለ። ጣቴን እያስከተልኩ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው።

«ሥራ አገኘሁ። ሩቅ ነው። ሚስቴ ሆነሽ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ?»

በሕይወቴ የተጻፈልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። የሚያነብልኝ ሰው ሳልለምን፣ ማንም ሳይሰማብኝ፣ እኔው አነበብኩት። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። «ሆነሽ» ይላል፤ «ሆነው» አይልም። ልቤ ከአፌ ልትወጣ ነበር። ወዲያው ግን የልጄ አውራ ጣት ትዝ አለችኝ፤ ለምን እንደተዋትም ገባኝና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

በሩ ላይ ቆሞ አገኘኝ።

«አነበብሽው?»

«ልጄን ለምን ተዉዋት?»

«የማገባት ሴት ለወለደቻት ልጅ አማካሪ መሆን አልችልም። ደንቡም አይፈቅድም፤ ደንቡ ቢፈቅድ እንኳ እኔ አልፈቅድም። ነገ ‹እናቷን አገባ፣ ልጅቷን አስመረቀ› ይላሉ። ያ ወሬ ዲግሪዋ ላይ ተጽፎ እንዲኖር አልፈልግም። ንጹሕ ላድርገው ብዬ ነው መጀመሪያ የለቀቅኩት።»

«ሳይጠይቁኝ?»

ሰንጠረዥ ሲሠራ አንድ ቀን የማይስት ሰው፣ እኛን ሳይጠይቅ የእኛን ሰንጠረዥ ሠርቶ ነበር።

«ሌላው መምህር ይቀበላታል ብዬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አለመቀበሉን ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት። ተሳሳትኩ።»

«ጨርሳ ከተመረቀች በኋላስ? ያን ጊዜ ቢጠይቁኝስ?»

«ውጤቷን በሰጠሁ በወሩ? ማን ያምነናል? እሷስ ብትሆን ‹ይህን ውጤት ያገኘሁት በሥራዬ ነው ወይስ በእናቴ?› ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቅ ትኑር?» ድምፁ ተሰበረ። «ወይ አማካሪዋ ነኝ፣ ወይ ባልሽ። ሁለቱን መሆን ብችል ኖሮ እስከዛሬ አልጠብቅም ነበር። ዓርብ የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ አለ፤ ለውጡ የሚጸድቀው ያን ቀን ነው። እስከዚያ የጻፍኩትን አታጥፊው። ሰሌዳው ላይ ያለውን ማለቴ ነው። አስቢበት።»

ፕላኑን መልሼ ጋረድኩት። ሊይዘኝ ፈልጎ እጁን ዘረጋ፣ ግን አልነካኝም። ቢነካኝ ኖሮ አልወጣም ነበር።

*

ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ ጽሑፍ ዙሪያ አጸዳሁ። ወለሉን፣ መስኮቱን፣ መደርደሪያውን። ፕላኑን አልገለጥኩም፤ ከሥሩ ያለው ግን እየሞቀኝ ነበር። ለልጄ ልንገራት እልና እተወዋለሁ። ብነግራት የምትለውን አውቀዋለሁ። «ሂጂ፣ እማ፣ የኔስ ቀርቶ ይቅር» ትለኛለች፤ ደግሞም ከልቧ ነው የምትለው። እኔን ያስፈራኝ ያ ነው።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ጽሑፏ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል፤ ልትጥለው አንድ ፌስታል አጠገቡ አስቀምጣለች። የመጀመሪያውን ገጽ አነሳሁ። ሳላውቀው ድምፅ እያወጣሁ ኖሯል።

«እ...ሁድ... ውሃ... የሚ...ያጠጣ... ሰው።»

ከአልጋዋ ብድግ አለች።

«እማ? ማንበብ ቻልሽ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ? ማን አስተማረሽ?»

«ሥራ ቦታ» አልኩ።

ወረቀቱን ከእጄ ሳትወስድ፣ ከጀርባዬ መጥታ አገጯን ትከሻዬ ላይ አስደገፈች። እንባዋ አንገቴ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ።

«ጉድ እኮ ነው» አለች፣ ለመሳቅ እየሞከረች። «እኔ ትምህርት ሳቆም አንቺ ጀመርሽ። ፈረቃ ነው እንዴ የያዝነው?»

አልሳቅኩም። ወረቀቱ ላይ ሃያ ሦስት ግንባታ፣ ሃያ ሦስት እሁድ አለ፤ ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው፣ ባልዲ ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች አሉ። ያን ሁሉ ፌስታል ውስጥ አስገብቼ እኔ ወዴት ነው የምሄደው?

ፌስታሉን አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ያን ጊዜ ልቤ ቆርጦ ነበር፤ ሲቆርጥም ተሰማኝ።

*

ዓርብ ጠዋት ከእሱ ቀድሜ ገባሁ። ፕላኑን ገለጥኩ። ጽሑፉን ለመጨረሻ ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ በዚህ ጊዜ አልተንተባተብኩም። ጨርቁን አረጠብኩ። «ሚስቴ» ከሚለው ልጀምር ብዬ አልቻልኩም፤ ከዳር ጀመርኩ። «ሩቅ» ጠፋ። «ሥራ» ጠፋ። መሐል ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከዚያ ቀዩን ማርከር አነሳሁና በራሴ እጅ የመጀመሪያዬን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ፊደሎቹ ጠመም ጠመም ብለዋል።

«ልጄን ያስመርቁልኝ።»

ገብቶ ከበስተኋላዬ ቆመ።

«ጥጉ ላይ የተጻፈውን አላየሽውም?» አለኝ። የዚያን የመጀመሪያ ቀን ጥያቄ ነው፤ ድምፁ ግን የዚያን ቀን ድምፅ አልነበረም።

«አነበብኩት» አልኩ። «አንብቤ ነው ያጠፋሁት።»

«ትወጂኝ ከሆነ...»

«እወድሃለሁ።» ደንግጦ አየኝ። «አንተ» ስለው የመጀመሪያዬ ነው። «እወድሃለሁ። ማንም ሰው በእኔ ነገር እንደ አንተ ዓይኑን ሳያሸሽ ቆሞ አያውቅም። አንተ ባትኖር ይህን በአፌ እናገረው ነበር እንጂ አልጽፈውም ነበር። ግን እኔ አሁን ብሄድ፣ በሄድኩበት ሁሉ ያቺ ልጅ ግድግዳ አይታ እንደተኛች ናት። አንተም ደስተኛ አታደርገኝም፤ እኔም አንተን። እባክህ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። ጠረገው፣ ጠረገው። እንባው ግን መነጽሩ ላይ አልነበረም።

«አማካሪነቷን የለቀቅኩበትን ደብዳቤ ልሳብ ማለትሽ ነው።»

«አዎ። ርዕሷንም እንዳታስቀይራት።»

«እሱንማ ብትለምኚኝም አላስቀይራት» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ማርከሩን ከእጄ ሲወስድ ጣቶቻችን ተነካኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ። ከጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ጥግ ላይ «አይጥፋ» ብሎ አጠረበት።

ከአገናኝ መንገዱ የጸሐፊዋ ድምፅ ተሰማ። «ጋሼ፣ ስብሰባው ሊጀመር ነው!»

«ይሂዱ፣ መምህር» አልኩት። ወደ «እርስዎ» ስመለስ የሆነ በር በውስጤ ሲዘጋ ሰማሁት።

*

ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓት ትምህርት አልነበረንም። ቢሮውን የማጸዳው እሱ ክፍል ሲገባ ነው። ልጄ ግን ቦቲዋን እንደገና አጠለቀች። «በስህተት ነበር አሉኝ፣ እማ! ራሱ ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀኝ!» ብላ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። ሁሉም ነገር በቀድሞ ቦታው የተመለሰ ይመስል ነበር።

ጽሑፏን ባቀረበችበት ቀን ባልዲዬን አጠገቤ አስቀምጬ ከአዳራሹ በር ቆምኩ። ከፈታኞቹ አንዱ ጠየቃት።

«ይህን ሐሳብ ከየት አመጣሽው? መጻሕፍቱ ላይ የለም።»

«ከአማካሪዬ ሰንጠረዥ ነው» አለች።

እሱ ከመቀመጫው ተነሳ። «አይደለም» አለ። «ላስተካክል። ሐሳቡ የእኔ አይደለም። መስመሩን ያስጨመሩኝ እዚያ በሩ ላይ የቆሙት ሴት ናቸው። በግንባታ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ውሃ አጠጥተዋል። ጽሑፉ ላይ ስማቸው ይግባ።»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ልጄ አየችኝ። ቀጥሎ እሱን አየችው፤ እሱ እኔን እንዴት እንደሚያየኝ አየች፤ እኔም መሬቱን እንዴት እንደማይ። ወረቀቶቿን ሰብስባ ወደ ፈታኙ ዞረች።

ቤት ስንደርስ ነው የጠየቀችኝ። «ማንበብ ያስተማረሽ እሱ ነው። አይደል?»

በዚህ ጊዜ መለስኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ጥያቄው፣ ስለ ዓርቡ። ጉልበቴ ላይ ራሷን ጥላ «ለምን አልነገርሽኝም? ለምን ለእኔ ወሰንሽልኝ?» እያለች አለቀሰች። እኔም እሱን «ሳይጠይቁኝ?» ያልኩት ትዝ አለኝ። ያጠፋሁት የእኔን ብቻ መስሎኝ ነበር።

በምረቃዋ ቀን ስሟን ከወረቀቱ ላይ አነበብኩላት። አንዲት ፊደል አልሳትኩም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል መምህሩ ያንን ጥያቄ ሳይደግምልኝ ሄደ። ቢሮውን ባዶ ሲያደርግ ፕላኑን ወሰደው፤ ሰሌዳውን ግን ያ ዓረፍተ ነገሬ እንዳለበት ተወው። ልጄ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ በሚሠራ ግንባታ ላይ የሥራ መርሐ ግብር አውጪ ሆና ተቀጠረች፤ በመስከረም እሷም ሄደች። እኔ ቀረሁ።